መድኃኒት ቤቱ መድን አለው፤ ባለቤቷስ?

ከደሴ ወጥተው ቦሩ ሜዳ ሲደርሱ ሆስፒታሉን ያገኛሉ። በቆዳና በዓይን ሕክምና ስሙ የታወቀ በመሆኑ ከሩቅ ገጠር ሳይቀር ሕመምተኛ ይመጣበታል። ሆስፒታል ባለበት ደግሞ መድኃኒት ቤት፣ ላቦራቶሪና መነጽር ቤት አይታጣም። ውድ አንባቢያችን፣ ከነዚህ ቤቶች አንዱን ከፍተው ልጆች የሚያሳድጉ እናት ከሆኑ፣ ወይም በአንዱ ተቀጥረው የሚሠሩ ከሆኑ፣ የዛሬው ጨዋታችን እርስዎን ይመለከታል።

እንበልና የገበያ ቀን ነው፤ መድኃኒት ቤትዎ ሰው በዝቶበታል። የሐኪሙ ጽሕፈት እንደ ልማዱ የተጠላለፈ ሐረግ መስሏል። (የሐኪሞች ጽሕፈት ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል!) ሠራተኛዎ በቀን 1 ጊዜ የሚለውን 3 ጊዜ ብላ ጽፋ ሰጠች። ከሳምንት በኋላ የሕመምተኛው ቤተሰብ ለሆስፒታል የከፈለውንና ሰውየው ሥራ የፈታበትን ቀን ቆጥሮ ካሣ ይጠይቅዎታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ባለሙያ ሁሉ የሙያውን ደንብ ጠብቆ እንዲሠራ ያዛል፤ በቸልተኝነት ደንቡን ጥሶ ጉዳት ካደረሰ ይጠየቃል። «እኔ አልነበርኩም፣ ልጅቷ ናት» ማለትም አያድንም፤ ሠራተኛ በሥራዋ ላይ ሳለች ላደረሰችው ጉዳት አሠሪዋም ኃላፊነት አለባት።

«ለቤቱ ኢንሹራንስ ገብቻለሁ» ይሉ ይሆናል። መልካም አድርገዋል። ነገር ግን የእሳትና የስርቆት መድን የሚጠብቀው መደርደሪያውንና ዕቃውን ነው። በሥራ ስሕተት ለሌላ ሰው የሚከፈለውን ካሣ የሚሸፍነው የሙያ ኃላፊነት መድን የሚባለው ነው። ባለ ሚኒባሱ ጎረቤትዎ የሚገባው «ሦስተኛ ወገን» የዚህ እህት ነው። የፌዴራል ጠበቆችና የመድን ደላሎችም ይህን የሙያ መድን እንዲገቡ ሕግ ያስገድዳቸዋል።

ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. የመድን ኩባንያዎች ከተወረሱ በኋላ መድን የሚሸጠው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻ ነበር። ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ የግል ኩባንያዎችም ስለተፈቀዱ ዛሬ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከአንድ በላይ በር ማንኳኳት ይቻላል። ዓረቦኑን ብቻ አያወዳድሩ፤ ውሉን ያንብቡ፣ ያልገባዎትን ያስነብቡ።

ብዙዎችን የሚጎዳ አንድ ነገር አለ። አንዳንዱ ውል የሚከፍለው ስሕተቱ የተፈጸመው ውሉ ጸንቶ ሳለ ከሆነ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የካሣው ጥያቄ የቀረበው ውሉ ጸንቶ ሳለ ካልሆነ አይከፍልም። ተጎጂው ክስ ለማቅረብ በመሠረቱ 2 ዓመት ጊዜ አለው፤ ነገሩ ወንጀልም ከሆነ ሊረዝም ይችላል። እንግዲህ ዘንድሮ ሱቁን ዘግተው፣ መድኑንም አቋርጠው አዲስ አበባ ልጅዎ ዘንድ ቢገቡ፣ በሚመጣው ዓመት መጥሪያ ሲደርስዎት ሁለተኛው ዓይነት ውል አይደርስልዎትም። ይህን ሳይጠይቁ አይፈርሙ።

ከካሣው ውስጥ በቅድሚያ ከራስዎ ኪስ የሚወጣው ስንት ብር እንደሆነም ይጠይቁ። ሆን ተብሎ የተሠራን ጥፋትና የወንጀል መቀጮን መድን አይከፍልም። ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ቀጥረው «ፈቃድ አለው» ብለው ቅጹን ቢሞሉ ውሉ ሊፈርስብዎት ይችላል።

ስሕተት የደረሰ ዕለት ሕመምተኛውን ፈልጎ መድኃኒቱን ማስቆምና ወደ ሐኪም መመለስ ይቀድማል፤ ለዚህ የማንንም ፈቃድ አይጠብቁ። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ለመድን ሰጪዎ በጽሑፍ ያስታውቁ። ሽማግሌ መጥቶ «ይህን ያህል እከፍላለሁ ብለሽ ፈርሚ» ቢልዎ ግን ድርጅቱ ሳያውቅ አይፈርሙ፤ በራስዎ የተስማሙበትን ገንዘብ አልከፍልም ሊል ይችላል። የሐኪሙን ማዘዣም እንዳይጥሉት፤ ያ የተጠላለፈ ጽሕፈት ምን ይል እንደነበር የሚያሳየው እሱ ነው።