ክሩ የት ላይ ተበጠሰ? የእጅ ሥራ ጦማሮች መበታተንና የመረብ ፊዚክስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለተማሪዎቻችን ስለ ጎባጣ ኅዋ ስናስተምር አንድ ችግር ገጠመን። የኳስን ገጽ ለማሳየት ብርቱካን ይበቃል፤ ጠፍጣፋውን ገጽ ለማሳየትም ወረቀት ይበቃል። ሦስተኛውን ዓይነት፣ ማለትም በየነጥቡ እንደ ኮርቻ የሚጎብጠውን ሃይፐርቦሊክ ገጽ ግን በጠመኔ ሥሎ ማስረዳት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ደግነቱ መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል። በ1997 በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ላትቪያዊቷ የሒሳብ ምሁር ዳይና ታይሚና ይህንኑ ገጽ በኪሮሽ፣ በዳንቴል አሠራር ሠርተው ተማሪዎች በእጃቸው ይዘው እንዲመረምሩት አድርገዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕጉ አንድ መስመር ነው፦ በእያንዳንዱ ረድፍ፣ ለምሳሌ ስድስት ቀለበት በተሠራ ቁጥር አንድ ቀለበት መጨመር። በ20 ቀለበት የጀመረ ሥራ ከ10 ረድፍ በኋላ 93 ገደማ፣ ከ20 ረድፍ በኋላ ደግሞ 436 ገደማ ቀለበት ይኖረዋል። ጨርቁ ይህን ሁሉ ጠርዝ የሚዘረጋበት ቦታ ሲያጣ እንደ ሰላጣ ቅጠል ይጨማደዳል። መጨማደዱም ራሱ ጂኦሜትሪው ነው።

በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርታችንን በምንከታተልበት ዘመን አንዲት የቤተ ሙከራ ባልደረባችን መሣሪያው በፈሳሽ ናይትሮጅን እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሹራብ ትሠራ ነበር። የዚህን ዳንቴል አሠራር ደረጃ በደረጃ በፎቶግራፍ የሚያስረዳ ጦማር፣ በተለምዶ ብሎግ የሚባለውን፣ ያሳየችንም እርሷ ናት። አድራሻውንና በገጹ ጎን የተዘረዘሩትን ሌሎች የእጅ ሥራ ጦማሮች በማስታወሻ ደብተራችን ላይ ገልብጠን ነበር። ወደ አገር ተመልሰን፣ ዓመታትም አልፈው፣ ለትምህርቱ ባስፈለገን ጊዜ አድራሻውን ብንጽፍ «ገጹ አልተገኘም» የሚል መልስ መጣ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ሞከርን። አብዛኞቹ የሉም፤ ያሉትም ከጥቂቶቹ በቀር የመጨረሻ ጽሑፋቸውን ካወጡ ዓመታት አልፈዋቸዋል። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ክርና መርፌያቸውን ጥለው ነውን?

አይደለም። በ2007 በአሜሪካ የተጀመረው ራቬልሪ የተባለው የሹራብና የዳንቴል ሠሪዎች ድረ ገጽ ዛሬም በሚሊዮን የሚቆጠሩ የተመዘገቡ አባላት አሉት። ስለዚህ «ፋሽኑ አለፈ» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ አያጠግብም። የእኛ አስተያየት የሚከተለው ነው፦ ሠሪዎቹ አሉ፤ የጠፋው በመካከላቸው የነበረው መስመር ነው። መስመር ሲጠፋ አንድ ማኅበር እንዴት እንደሚፈርስ ደግሞ ፊዚክስ የሚያውቀው ነገር ነው።

በመጀመሪያ ማኅበሩ እንዴት እንደተሠራ እንመልከት። ብሎገር የተባለው አገልግሎት በ1999፣ ታይፕፓድ ደግሞ በ2003 ሲጀመሩ፣ የኮምፒውተር ቋንቋ የማያውቅ ሰው የራሱን ገጽ መክፈት ቻለ። በ2002 ክኒቲ የተባለው የሹራብ መጽሔት በኢንተርኔት በነፃ መነበብ ጀመረ። በ2004 ካናዳዊቷ ደራሲ ስቴፋኒ ፐርል-ማክፊ ስለ ሹራብ የሚጽፉበትን ዝነኛ ጦማር ከፈቱ። በ2005 በሎስ አንጀለስ የሚኖሩት እኅትማማቾቹ ማርጋሬትና ክርስቲን ወርትሃይም የታይሚናን ዘዴ ይዘው የባሕር ኮራልን በዳንቴል የመሥራት ፕሮጀክት ሲያስጀምሩ፣ በጊዜ ብዛት በልዩ ልዩ አገሮች በሺዎች የሚቆጠሩ እጆች ተሳተፉበት። በእነዚያ ዓመታት በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ጥልፍ፣ ሹራብና ልብስ ስፌት የሚሠሩ ሰዎች ጽሑፋቸውን የሚያወጡበት አንድ የታወቀ ሥርዓት ነበር። ሐሳቡን ያገኙት ከማን እንደሆነ ስሙን ይጠራሉ፤ በስሙ ላይም ወደ ባለቤቱ ገጽ የሚወስድ ማገናኛ ያኖራሉ። በገጹ ጎን የሚወዷቸውን ጦማሮች ይዘረዝራሉ። አንባቢው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ይሄዳል። ይህ ጨዋነት ብቻ አልነበረም፤ መረቡ ራሱ ይህ ነበር።

አሁን ጥቂት ስሌት። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ስቱዋርት ካውፍማን በተጠቀሙበት ምሳሌ፣ 1,000 ቁልፎች ወለል ላይ በትነን ዓይናችንን ጨፍነን ሁለት ሁለቱን በክር እናስራለን እንበል። ከዚያ አንዱን ቁልፍ ብናነሣ ስንቶቹ ተያይዘው ይነሣሉ? የሀንጋሪ የሒሳብ ሊቃውንት ፖል ኤርዶሽና አልፍሬድ ሬንዪ በ1960 ያሳተሙት ሥራ መልሱን ይሰጠናል። ክሮቹ ከ500 በታች ከሆኑ፣ ማለትም አንድ ቁልፍ በአማካይ ከአንድ በታች ግንኙነት ካለው፣ ተያይዘው የሚነሡት ጥቂት ብቻ ናቸው። ከ500 ሲያልፍ ግን አንድ ትልቅ ዘለላ በድንገት ይወለዳል። በ550 ክር 176 ያህል፣ በ750 ክር 583 ያህል፣ በ1,000 ክር ደግሞ 797 ያህል ቁልፎች በአንድነት ይያያዛሉ።

እነዚህን ቁጥሮች ከኋላ ወደ ፊት ማንበብ ይጠቅማል። ከ1,000 ክር 250ው ቢበጠስ ከግማሽ የሚበልጠው ቁልፍ አሁንም አንድ ላይ ነው፤ ዳር ላይ ያሉት ይጎዳሉ እንጂ መሐሉ ብዙም አይሰማውም። ቀጥሎ 200 ብቻ ቢበጠስ ግን ዘለላው ከ583 ወደ 176 ይወርዳል። ሌላ 50 ሲጨመር ጨርሶ ይፈርሳል። አንድም ቁልፍ አልጠፋም፤ ሁሉም ወለሉ ላይ አሉ። በእነዚያ ዓመታት ይጽፉ የነበሩ ሰዎች «አንባቢዎቼ በድንገት ጠፉብኝ» ብለው ሲያማርሩ የተናገሩት በእኛ ቋንቋ የሁኔታ ለውጥ የሚባለውን ነው፤ ውኃ በረዶ ሆኖ እንደሚገኘው ያለ ለውጥ።

እርግጥ ነው፣ የሰው ማኅበር ዓይን ተጨፍኖ አይታሰርም። ጥቂቶች እጅግ ብዙ ክር ይሰበስባሉ፤ ብዙኃኑ አንድና ሁለት ብቻ አላቸው። ሬካ አልበርት፣ ሀዎንግ ጆንግና አልበርት-ላዝሎ ባራባሺ በ2000 ኔቸር በተባለው መጽሔት እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያለው መረብ በአጋጣሚ ለሚደርስ ጉዳት እጅግ ጠንካራ፣ ታላላቆቹ አንጓዎች ለይተው ቢወገዱ ግን እጅግ ደካማ ነው። በእጅ ሥራ ጦማሮች ላይ የደረሰው ከሁለተኛው ወገን ነው።

ከአንጓዎቹ አንዱ ጎግል ሪደር ነበር። ይህ በ2005 የተጀመረ አገልግሎት አንባቢው የመረጣቸውን ጦማሮች አዳዲስ ጽሑፎች ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ያቀርብለት ነበር። አንድ ጸሐፊ በሦስት ወር አንዴ ብቻ ቢጽፍ እንኳ ጽሑፉ ወደ አንባቢው ይደርሳል ማለት ነው። ኩባንያው የተጠቃሚው ቁጥር ቀንሷል ብሎ በሐምሌ 1 ቀን 2013 ዘጋው። ተተኪዎች ነበሩ፤ ብዙው አንባቢ ግን አልተሻገረም። ለዕለት ዜና ጸሐፊ ይህ ትንሽ ጉዳት ነው። ብርድ ልብስ ሰፍቶ ለመጨረስ ወራት ለሚፈጅባት ሴት ግን ጎዳናዋ ተቆረጠ።

ሁለተኛው ለውጥ የክር መበጠስ ሳይሆን ክር የማይያዝበት ቁልፍ መምጣቱ ነው። በ2010 የተጀመረው ኢንስታግራም ፎቶግራፍ ለማሳየት ከጦማር እጅግ ይቀላል፤ ብዙዎችም ወደዚያ ሄዱ። ነገር ግን ከፎቶው ሥር በሚጻፈው ጽሑፍ ውስጥ የሚቀመጥ አድራሻ ተጭነው የሚሻገሩበት ማገናኛ አይሆንም። ለረጅም ዓመታት ለአንድ ሰው የተፈቀደው፣ በመግለጫው ላይ፣ አንድ ማገናኛ ብቻ ነበር፤ ወደ አምስት ያደገው በ2023 ነው። ለየጽሑፉ አምስትና ስድስት ምስጋና ከነማገናኛው ታቀርብ የነበረች ጸሐፊ በእነዚያ ዓመታት በጠቅላላው አንድ ብቻ ነበራት። ባለሙያው በሐሳቡ ያንኑ ያህል ለጋስ ሊሆን ይችላል፤ አማካዩ የክር ቁጥር ግን ወርዷል። በ2016 ደግሞ የሥዕሎቹ ቅደም ተከተል በጊዜያቸው ሳይሆን በስሌት እንዲወሰን ተደረገ። ራቬልሪም ቢሆን፣ በየጦማሩ የተበተነውን የሹራብ እውቀት በአንድ ቦታ ለመሰብሰብ መልካም አስቦ ተነሥቶ፣ ወጉን ተመዝግቦ ወደሚገባበት አጥር ውስጥ ወሰደው። ይህን የምንለው ለወቀሳ አይደለም፤ አባላቱ የሚጠቀሙበት ጥሩ ቤት ነው። ዳሩ ግን አጥር ሁልጊዜ ክር ይቆርጣል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥፋት የገጾቹ የራሳቸው ነው። በ2017 ብዙ ጦማሪያን ሥዕላቸውን ያኖሩበት የነበረው ፎቶበኬት፣ በሌላ ድረ ገጽ ላይ ለሚታይ ሥዕል በዓመት 400 ዶላር ገደማ ጠየቀ። በሚቀጥለው ዓመት ዋጋው ቢቀነስም፣ በዚያ መካከል ስንትና ስንት የአሠራር መመሪያ ጽሑፉ ብቻ ቀርቶ ሥዕል አልባ ሆነ። በመስከረም 30 ቀን 2025 ታይፕፓድ ከነያዛቸው ጦማሮች ተዘጋ።

የአሜሪካው ፒው የምርምር ማዕከል በ2024 እንዳስታወቀው፣ በ2013 ከነበሩት ድረ ገጾች 38 በመቶው ከዐሥር ዓመት በኋላ አይገኙም። የራዲዮአክቲቭ መፈራረስን ሕግ የተማረ አንባቢ ከዚህ ግማሽ ዕድሜውን ማስላት ይችላል፤ 14.5 ዓመት ያህል ይወጣለታል። ከካርቦን-14 ግማሽ ዕድሜ፣ ከ5,730 ዓመት ጋር ማወዳደሩን ለአንባቢ እንተዋለን። ይሁን እንጂ ንጽጽሩ አንድ ጉድለት አለበት። አንዱ አቶም ሲፈራርስ ጎረቤቱን አያማክርም፤ የአንድ አገልግሎት ገጾች ግን ሁሉም በአንድ ቀን ይወድቃሉ። ምሰሶው ሲነቀል ጣሪያው እንደሚወድቀው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለፊዚክስ ተማሪ ምኑ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እንግሊዛዊው የሳይንስ ሶሲዮሎጂ ምሁር ሃሪ ኮሊንስ በ1974 ያሳተሙት ጥናት መልስ ይሰጣል። ቲ.ኢ.ኤ. የተባለውን፣ በከባቢ አየር ግፊት የሚሠራ የጋዝ ሌዘር ለመገንባት የሞከሩ ቤተ ሙከራዎችን ተከታትለው ነበር። የታተመ ጽሑፍ ብቻ አንብቦ የተሳካለት አንድም አላገኙም። የተሳካላቸው ሁሉ አስቀድሞ ከሠራ ሰው ጋር የተገናኙ ነበሩ። የሽቦው ርዝመት፣ የአያያዙ ሁኔታ፣ «እዚህ ላይ ጠንቀቅ በል» የሚለው ቃል በጽሑፍ ውስጥ አልነበረም። ሌዘር የሚሠራ ሰውና ዳንቴል የምትሠራ ሴት በዚህ ረገድ ጎረቤት ናቸው። የእጅ ሥራ ጦማሮቹ ታላቅ ነገር ያደረጉት እዚህ ላይ ነበር፤ የተሳሳተውን ሥራ ፎቶ አንሥተው፣ ለምን እንደተሳሳተ ጽፈው፣ ቀድሞ ወደሳተው ሰው ገጽ ይመሩ ነበር። የታተመ መጽሐፍ ስሕተቱን አያሳይም።

በየፋኩልቲያችን ዛሬ የላቦራቶሪ መመሪያውም፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችም፣ የተሠሩ ጥያቄዎችም በቴሌግራም ቻናል ይዘዋወራሉ። ጠቃሚነቱን እኛም እናውቃለን፤ እንጠቀምበታለንም። ነገር ግን ከላይ ባየነው ዓይን ስናየው በአንድ አንጓ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት የተለጠፈውን ለማግኘት ብዙ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል፤ ማን ከማን እንደተማረም አይታይም።

ወደ ዳንቴላችን እንመለስ። ገጹ ቢጠፋም ሕጉን አስታውሰነው ስለነበር ወደ አክስታችን ቤት ሄድን። የቤታቸው ሶፋና ቴሌቪዥን ሁሉ በእጃቸው ሥራ የተሸፈነ ነው። ስድስት ላይ አንድ እየጨመሩ እንዲሠሩልን ብንነግራቸው ሳቁብን። «ይኼማ ሲበላሽብኝ የምፈታው ነው እኮ ልጄ! ተጨማድዶ ማን ያነጥፈዋል?» አሉን። መጨማደዱን እንደምንፈልግ ስናስረዳቸው ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሠርተው ሰጡን። በክፍል ውስጥ አጥፈነው የሦስት ጎን ማዕዘናት ድምር ከ180 ዲግሪ እንደሚያንስ አሳየንበት።

ከዚያ አንዲት ተማሪያችን ሕጉን ከሰሌዳው ገልብጣ እርሷም ሠርታ አመጣች። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ክሩ ግን ላልቶ ስለነበር ጨርቁ ቅርጹን መያዝ አልቻለም፤ ጠረጴዛው ላይ ተልፈስፍሶ ተኛ። ምን ያህል ማጥበቅ እንዳለባት በቃል ልናስረዳት ሞክረን ስላቃተን የአክስታችንን ቤት አቅጣጫ ጻፍንላት፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ኪሮሿን ይዛ ሄደች።