ደበርጃንና የዱር ዘመዱ እምቧይ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ የአትክልት ገበያ የሚሸጠው ደበርጃን ከቅርብ የዱር ዘመዶቹ አንዱ በአገራችን በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው እሾሃማው እምቧይ ነው።

ደበርጃን በእስያ በሰው እጅ ሲለማ ፍሬው ገዝፏል፤ የዘር ስብጥሩ ግን ጠቧል። ሶላነም ኢንካነም የተባለው እምቧይ በአንጻሩ ድርቅን ይቋቋማል። ሁለቱም 24 ክሮሞሶም ያላቸውና በዝምድና የተቀራረቡ በመሆናቸው፣ ሲዳቀሉ ዘር የሚሰጥ ድቅል ይገኛል። ይህ ድቅል ግን የዱሩን እሾህና የፍሬ ትንሽነት ይወርሳል። ስለሆነም ተመራማሪው ድቅሉን ደጋግሞ ከደበርጃን ጋር ያዳቅላል፤ የዱሩ ውርስ በአማካይ ከ50 ወደ 25፣ ከዚያም ወደ 12.5 በመቶ ይወርዳል። በየትውልዱም ድርቅን የመቋቋም ባሕርይ የያዙት ተክሎች ብቻ ይመረጣሉ።

ጥንቃቄ የሚሻው ስሙ ነው። ሕዝቡ እምቧይ የሚለው አንድ ዝርያን ብቻ አይደለም። በደጋው የሚታየው፣ ቅጠሉ ነጭ ጠርዝ ያለው ሶላነም ማርጊናተም በዝምድና ከደበርጃን ይበልጥ የራቀ በመሆኑ ውጤቱ አንድ አይሆንም። ዝርያው ሳይለይ የተጀመረ ማዳቀል የእምቧይ ካብ ነው። ስለዚህ በከተማው ዳርቻ ያለው ክፍት ቦታ በግንባታ ከመያዙ በፊት ዝርያዎቹን መለየትና ዘራቸውን መሰብሰብ ቀዳሚው ሥራ ሊሆን ይገባል።