ውሃ ልክ ያለው መሬት

አምስተርዳም ውስጥ የከተማው ማዘጋጃ ቤትና የኦፔራ ቤቱ በሚጋሩት ሕንፃ ሥር አንድ የነሐስ ምልክት አለ። ሆላንዳውያን የግድባቸውን፣ የመንገዳቸውንና የእርሻቸውን ከፍታ የሚቆጥሩት ያንን ምልክት ዜሮ ብለው ነው። ግንበኛ በግድግዳው ላይ የሚያጋድማት ውሃ ልክ አለች፤ ያቺ ነሐስ ደግሞ የአንድ አገር ውሃ ልክ ናት።

ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ምዕራብ ያለው ሃርለመርሜር፣ ዛሬ የስኪፕሆል አውሮፕላን ማረፊያ ያረፈበት ሜዳ፣ ከ170 ዓመት በላይ በፊት ሐይቅ ነበር። ሦስት ግዙፍ የእንፋሎት ፓምፖች ውሃውን መጥጠው እ.ኤ.አ. በ1852 አደረቁት። አሁን ስንዴና ድንች የሚበቅልበት ይህ መሬት ከባሕር ጠለል በታች 4 ሜትር ገደማ ይገኛል። ሮተርዳም አጠገብ ያለው ዙይድፕላስ ደግሞ ከ6 ሜትር ተኩል በላይ ዝቅ የሚል ቦታ አለው።

እንዲህ ባለ አገር ዝናቡ በራሱ ጊዜ ቁልቁል አይወርድም። የትራክተር ጎማ የተወው ጎድጓዳ ውሃ ይዞ ይከርማል። ከሃርለም ወደ ሄግ በሚዘረጋው የባሕር ዳርቻ አሸዋማ መሬት ቱሊፕ የሚያለሙ ገበሬዎች የከርሰ ምድሩን ውሃ ከግማሽ ሜትር ብዙም ባልራቀ ጥልቀት ይጠብቁታል። እዚያ ማሳው በአንድ ጥግ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ቢል የአበባው ሥር ይበሰብሳል። ማሳ ማስተካከል ለእነዚህ ሰዎች የሰብል ጉዳይ ነው።

ሥራውን የሚሠራው መሣሪያ ሲያዩት ቀላል ነው፦ ሁለት ጎኑ የተዘጋ፣ ከታች ስለታም ምላጭ ያለው የብረት ሳጥን። ከጉብታው ይቆርጣል፣ አፈሩን በሆዱ ይዞ ይሄዳል፣ ጎድጓዳው ላይ ያፈሳል። ብዙዎቹ ከፊት ለፊት ጠንካራ መሬት የሚፈነቅሉ ጥርሶችም አሏቸው። ሳጥኑ ከትራክተሩ ጀርባ በሦስት ነጥብ ይያያዛል፤ ሁለቱ የታች ክንዶች ያነሡታል፣ ያወርዱታል። ሦስተኛው፣ ቶፕ ሊንክ የሚባለው የላይኛው ዘንግ፣ ምንም አያነሣም። የሚወስነው የሳጥኑን አቀማመጥ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ኦፕሬተር የሚስተውም እዚህ ላይ ነው።

ዘንጉ መሐሉ ሲዞር የሚያጥርና የሚረዝም ነው፤ አንዱ ጫፉ በቀኝ፣ ሌላው በግራ የሚዞር ጥርስ አለው። ሲያጥር የሳጥኑን አናት ወደ ትራክተሩ ይስበዋል፤ ሳጥኑ ወደ ፊት አጎንብሶ የፊቱ ምላጭና ጥርሶቹ አፈሩን ይነክሳሉ። ሲረዝም ሳጥኑ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ የፊቱ ምላጭ ከመሬት ይለቃል፣ የኋላው ጠርዝ እየተጎተተ ያለሰልሳል። ስለዚህ ጠንካራ መሬት ሲቆረጥ ማሳጠር፣ የመጨረሻው ልስን ሲሠራ ማስረዘም ነው። መነሻው ግን ሁለቱም ጠርዞች እኩል መሬት የሚነኩበት ቦታ ሲሆን እሱን በሲሚንቶ ወለል ላይ ማግኘት ይሻላል። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ዙር እያዞሩ፣ አንድ መስመር እየሄዱ ማየት። አምስት ዙር በአንዴ ያዞረ ሰው ጉድጓድ ይቆፍራል።

ሌላም ችግር አለ። የትራክተሩ የፊት ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ ጀርባው ላይ የተሰቀለው ሳጥን ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎማው ሲወርድ ሳጥኑ ይነሣል። መሬቱ ቆርቆሮ የመሰለ ሞገድ የሚያወጣው ከዚህ የተነሣ ነው። ዘንጉን ማስረዘምና በዝግታ መሄድ ሞገዱን ያበርደዋል። ሆላንዳውያን ለሰፊ ማሳ የሚመርጡት ኪልቨርባክ ግን በራሱ ጎማ የሚሄድ ተጎታች ሳጥን በመሆኑ ከትራክተሩ መንቀጥቀጥ በመጠኑ ይድናል፤ ከፍታውንም ማሳው ዳር ከቆመ የሌዘር ማሠራጫ እየተቀበለ ሃይድሮሊኩ ራሱ ያስተካክለዋል። ይህን መሣሪያ ገበሬው ብዙ ጊዜ አይገዛውም፤ በኪራይ የሚሠራ ባለ ማሽን ይጠራል።

ሳጥኑ ከትራክተሩ ጋር የሚያያዝባቸውን ሦስት ነጥቦች በሚገባ ያዋሐደው የአየርላንዱ ሃሪ ፈርጉሰን ነው። ከእሱ በፊት ማረሻ ድንጋይ ሲይዘው ትራክተሩ በፊቱ ተነሥቶ ሹፌሩ ላይ ይገለበጥ ነበር። በፈርጉሰን አሠራር ግን ሲታረስ አፈሩ የሚያሳድረው ጫና በላይኛው ዘንግ በኩል ወደ ፊት ስለሚገፋ የትራክተሩ ፊት መሬት እንዲይዝ ያግዛል። ፈርጉሰን ከሄንሪ ፎርድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1938 እጅ ተጨባብጠው ተስማሙ፤ ድርጅቱ በ1953 ከማሴ ሃሪስ ኩባንያ ጋር ተዋሐደ። የኢትዮጵያ ገበሬ ማሴ ፈርጉሰን ብሎ የሚያውቀው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ዘንጉ የሚታሰርበትን የላይ ቀዳዳ ለመጎተቻ ያደረገ ሰው ያንኑ የመገልበጥ አደጋ መልሶ ይጠራል፤ ሰንሰለት መታሰር ያለበት ዝቅ ባለው መጎተቻ ብቻ ነው።

ነገሩ የሆላንድ ብቻ አይደለም፤ በፎገራም አለ። በጣና ምሥራቅ ሩዝ የሚዘራው ገበሬ እርሻው ሳይስተካከል ሲቀር አንዱ ጥግ ይሰጥማል፣ ሌላው ይሰነጠቃል፤ ችግኙም እኩል አያድግም። በቆጋ መስኖ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ የታሰበለት ውሃም ማሳ ውስጥ ሲገባ ያንኑ ጉብታና ጎድጓዳ ያገኛል። ትራክተር የተከራየ ገበሬ በሳጥኑ ሲያሠራ ኦፕሬተሩን ሦስት ነገር ይጠይቀው፦ ዘንጉ የተስተካከለው ለመቁረጥ ነው ወይስ ለማለስለስ? የዘንጉ መቆለፊያ ዳዶ ጠብቋል? ዘንጉን የሚያስረው ፔርኖ ማስጠበቂያ ቅንጥቡ አለው? ከዚያ ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ሹፌሩ ወርዶ ያየውን መሬት አብሮት ይመልከት።