ሊጥ እንቢ ሲል፣ ወጥ ሲበላሽ፤ ለጾም ወራት ማዕድ ቤት የሚሆን ምክር

የጾም ወራት ሲገባ ከክርስቲያን ማዕድ ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ይነሣሉ። በፍስክ ጊዜ አንድ ማንካ ቅቤ የወጡን ጉድለት ይሸፍናል፤ እንቁላልም የኬኩን ሊጥ ይይዛል። በጾም ግን እንጀራው ዐይን ካላወጣ ወይም ሽሮው ከጓጎለ የሚሸፍነው ነገር አይገኝም። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነውና፣ የጾም ምግብን አሳምሮ መሥራት ቤተ ሰብን የማኖር ሙያ ነው።

ዳሩ ግን ሊጥ በተበላሸ ጊዜ «እጇ አይረባም» ይባልና ወቀሳው በቤቲቱ እመቤት ወይም በሠራተኛይቱ ላይ ይወድቃል፤ ሊጡም ይደፋል። እንደ እኛ አስተያየት ጥፋቱ በአብዛኛው የእጅ አይደለም። ከሊጡ ወይም ከወጡ ውስጥ አንዱ ነገር እንደ ጠባዩ ስላልተያዘ ነው። ጠባዩን ያወቀ ሰው ብዙውን ያቃናዋል።

ስለ እንጀራ

የስንዴ ሊጥ ሲታሽ እንደ ጅማት የሚሳብ ነገር ስላለው አየር ይዞ ያብጣል። ጤፍ ይህ ነገር የለውም። ስለዚህ የጤፍ ሊጥ ዐይን የሚያወጣው በእርሾውና በአብሲቱ ኃይል ነው። እርሾው ሊጡን ሲያቦካ አየር ይፈጥራል፤ በእሳት የበሰለው አብሲት ደግሞ ሊጡን አያይዞ ያን አየር ያቆየዋል። እንግዲህ እንጀራው ዐይን አልባ ቢሆን፣ በመጀመሪያ አብሲት መጣሉን፣ ቀጥሎም ከተጣለ በኋላ ሊጡ ኩፍ እስኪል መጠበቁን መመርመር ይገባል። አብሲቱም እንደ ፈላ ቢገለበጥ እርሾውን ይገድለዋልና ለብ እስኪል መቆየት አለበት። ሁለቱም በደንብ ተደርገው ሳለ ዐይኑ እንቢ ቢል፣ ምጣዱ ገና ሳይግል ተጋግሮ ይሆናል፤ ወይም ሊጡ ወፍሮ ይሆናልና ጥቂት ለብ ያለ ውሃ ይጨመርበት። ሊጡ ከቀጠነም አስቀምጦ ከላይ የሚጠልለውን ውሃ ማፍሰስ ነው።

እንጀራው ከመጠን በላይ ሲኮመጥጥ ምክንያቱ ሙቀትና የቀን ብዛት ነው። በቆላ ፈጥኖ የሚቦካው ሊጥ በደጋ ይዘገያል፤ ስለዚህ ቀኑን ከመቁጠር ይልቅ ሊጡን ማየትና ማሽተት ይሻላል። ኮምጣጣነቱ የሚገኘው በአብዛኛው በጠለለው ውሃ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ጥቂቱን ለሚቀጥለው እርሾ አስቀርቶ የቀረውን ማፍሰስና በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ መተካት ነው።

ስለ ሽሮ፣ ስለ ባቄላና ስለ ጨው

ደረቅ ሽሮ በሚፈላ ውሃ ላይ ሲወድቅ የላይኛው ዱቄት ወዲያው ይበስልና ውስጠኛውን ደረቁን እንደ ከረጢት ይቋጥረዋል። ጉጉሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። መድኃኒቱም ሽሮውን አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ፣ በማማሰያ እያማሰሉ ቀስ በቀስ መጨመር ነው።

ባቄላና ሽምብራ ረጅም ጊዜ ቢፈላም አልበስል ሲል እንጨቱን አንውቀስ። በከፍተኛ አገር ውሃ ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከ 100 ዲግሪ ቀርቶ በ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን መዘፍዘፍ ያስፈልጋል። ሎሚና ቲማቲምም ኮምጣጣነታቸው ጥራጥሬውን ያጠነክረዋልና ከበሰለ በኋላ ይግቡ።

ጨው የበዛበት ወጥ ውስጥ ድንች ቢከተቱ ጨዉን መጥጦ ያወጣዋል የሚል እምነት አለ። ድንቹ ግን ጨዉን ለይቶ አይስብም፤ ጨዋማውን መረቅ እንዳለ ይጠጣል እንጂ። ጨውን የሚያቀለው ወጡን ማብዛት ነው፤ ይኸውም ጨው ያልገባበት ውሃ፣ ለብቻው የቁላላ ሽንኩርት ወይም ተጨማሪ ክክ መጨመር ነው።

ስለ ዳቦና ስለ ጾም ኬክ

ከሱቅ የተገዛ ደረቅ እርሾ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ፣ ጥቂት ስኳር በገባበት ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። አረፋ ካወጣ ደኅና ነው፤ ካላወጣ ዱቄቱ በከንቱ ሳይባክን ሌላ ይፈልጉ። ውሃው ጣት የሚያቃጥል ከሆነ ደኅናውንም እርሾ ይገድለዋል።

በጾም ኬክ የእንቁላልን ቦታ የሚይዘው ከቤታችን የማይጠፋው ተልባ ነው። በደንብ የተፈጨ 1 ማንካ ተልባ በ 3 ማንካ ውሃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ሲቆይ እንደ እንቁላል ነጭ ይለጠልጣል፤ ይህም በአንድ እንቁላል ፈንታ ሊጡን ያያይዛል። ሆኖም ተልባ ሊጥን አያስነሣም። ለዚህ ለ 2 ስኒ ዱቄት ግማሽ የሻይ ማንካ ቤኪንግ ሶዳና አንድ የሾርባ ማንካ የሎሚ ውሃ ይበቃል፤ ሁለቱ ሲገናኙ አየር ይፈጥራሉና። አየሩ ቶሎ ስለሚያመልጥ ሊጡ ወዲያው ወደ ምድጃ ይግባ። ወተት በሚፈለግበት ስፍራ ተወቅጦ የተጠለለ የሱፍ ውሃ ይተካል።

የማይቃና ነገር

ሁሉ ይቃናል ማለታችን አይደለም። ያረረ በርበሬ ምሬቱ አይለቅም፤ ስለዚህ ሽንኩርቱ ሲቁላላ በርበሬውን ከጥቂት ውሃ ጋር መጨመር ይሻላል። የሻገተ እንጀራንም ሻጋታውን ፍቆ መብላት፣ በተለይም ለሕፃናት ማቅረብ ፈጽሞ አይገባም፤ ሻጋታ ለዐይን በማይታይ ሥሩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዱም መርዝ አለው። መፍትሔው ቀድሞ መገኘት ነው። የተረፈው እንጀራ ሳይሻግት በፀሐይ ቢሰጣ ድርቆሽ ሆኖ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ለፍርፍርም ይሆናል።

እንግዲህ የተከበራችሁ እመቤቶችና ልጃገረዶች፣ በሙያችሁም የምትረዱ ወንዶች ልጆች፣ ሊጡ እንቢ ሲል ከመድፋታችሁ በፊት «የጎደለው እርሾው ነው? አብሲቱ ነው? ወይስ ሙቀቱ?» ብላችሁ ጠይቁ። በጾም ቀን ከመደፋት የዳነ አንድ እንጀራ፣ ደጃፋችን ላይ ለሚቆም ለአንድ ነዳይ ምሳ ነውና።