ሥጋንና ልቡናን አንድ አድርጎ ስለ ማከም

ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የሌለው ረቂቅ መርዝ ሲሆን፣ በሳንባ በኩል ወደ ደም ከገባ በኋላ ኦክስጂንን ተሸክሞ የሚዞረውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጂኑ ከ200 እጥፍ በላይ በበረታ ኃይል ይቆራኘዋልና፣ ደሙ መዞሩን ሳያቋርጥ አንጎልና ልብ ኦክስጂን ይራባሉ። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጂን መለኪያ እንኳ የተመረዘውን ደም ከጤነኛው ስለማይለይ፣ ሐኪሙ ደሙን አስመርምሮ ማረጋገጥ ይገባዋል።

ፈውሱ ንጹሕ ኦክስጂን ነው። በተራ አየር የመርዙ እኩሌታ ከደም እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ በጭንብል በሚሰጥ ንጹሕ ኦክስጂን ወደ 1 ሰዓት ተኩል፣ ግፊቱ ከፍ ባለ ልዩ ክፍል ውስጥ ደግሞ ወደ ግማሽ ሰዓት ዝቅ ይላል።

ነገር ግን መርዙ በአደጋ ሳይሆን ኑሮ መርሮት ሞትን በመረጠ ሰው ላይ የደረሰ እንደ ሆነ፣ ደሙ ስለ ጠራ ብቻ ሰውየው ድኗል ማለት አይቻልም። አስቀድሞ የነበረው የልቡና ሕማም ከእርሱ ጋር ይነቃል፤ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ውስጥም የአንጎል ጉዳት ዘግይቶ ሊገለጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ታማሚው ይረሳል፣ ይፈዝዛል፣ እርምጃው ይዘገያል፣ ንግግሩ ያጥራል። እነዚህ ምልክቶች ከድባቴ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ የአእምሮ ሐኪም ብቻውን ቢያየው የአንጎሉን ጉዳት ኀዘን ነው ብሎ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም ብቻውን ቢያየው ደግሞ ኀዘኑን የአንጎል ጉዳት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

እንግዲህ ሁለቱ ሐኪሞች ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በአንድ አልጋ አጠገብ ሊገናኙ ይገባል፤ ኦክስጂኑ ሲሰጥ አስታማሚ ከአጠገቡ አይለይ፤ ልቡናው ሲመለስም ዛሬም መሞት ይፈልግ እንደ ሆነ ያለ ነቀፋ በግልጽ ይጠየቅ፤ መጠየቁ ያልነበረ አሳብ አያሳድርበትምና። ከሆስፒታል ከወጣም በኋላ ትውስታውና ተስፋው በአንድ ቀጠሮ ይመርመሩ።

የዓለም የጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና ራሳቸውን ለማጥፋት በሞከሩ 1,867 ሰዎች ላይ አስደርጎ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት የክትትልን ኃይል ያስረዳል፤ ምክር ተሰጥቷቸው እስከ 18 ወር ድረስ በስልክ ወይም በአካል ከተጠየቁት መካከል ራሳቸውን አጥፍተው የሞቱት 0.2 ከመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው ሕክምና ብቻ ከተሸኙት ግን 2.2 ከመቶ ነበሩ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከቤተ ዘመድህ ወይም ከጎረቤትህ መኖር የከበደው ሰው ብታይ፣ ብቻውን አትተወው፤ አሳቡን በርኅራኄ ጠይቀው፣ ሳትዘገይም ወደ ሐኪም አድርሰው፤ ከዚህ ፈተና የተረፉት አብዛኞቹ በሕይወት ይኖራሉና።