ከልጆች የሽቦ መኪና እስከ ጭነት ጋሪ፦ ሻንሲ ምን ያስተምረናል?

ቱምን በመሰሉ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከተሞችም ሆነ በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች፣ ልጆች ከሽቦ፣ ከቆርኪና ከተጣለ ነጠላ ጫማ መኪና ሠርተው ሲገፉ ማየት የተለመደ ነው። ብዙ ወላጆች ይህን ሥራ እንደ ተራ ጨዋታ ይመለከቱታል። ይሁንና ልጁ የሚታገለው ጥያቄ የጋሪ ሠሪውም የባጃጅ አሽከርካሪውም ጥያቄ ነው፤ ተሽከርካሪ ሳይገለበጥ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ምን ያስፈልገዋል?

መልሱ ያለው በሻንሲው ላይ ነው። ሻንሲ የተሽከርካሪ አጽም ነው፤ አካሉንና ጭነቱን ይሸከማል፣ ጎማዎቹንም በቦታቸው ያጸናል።

የትንሽ መኪና ሻንሲ መሥራት በሌላው ዓለም አዋቂዎችም የሚተጉበት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድ ፍራንሲስ በ1957 እ.ኤ.አ. ስካሌክስትሪክ የተሰኘውን በኤሌክትሪክ የሚሮጥ የመጫወቻ መኪና አስተዋወቀ። መኪናው ከሥሩ ያለው ምላስ በመንገዱ ላይ በተበጀ ጠባብ ቦይ ውስጥ ገብቶ ይመራዋል፤ በቦዩ ግራና ቀኝ ከተዘረጉ ብረቶችም ኃይል ይቀበላል። ከተለመዱት መጠኖች አንዱ የእውነተኛው መኪና 1/32ኛ ነው፤ በዚህ ስሌት የ4 ሜትር መኪና 12.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ተጫዋቹ የሚቆጣጠረው ፍጥነቱን ብቻ በመሆኑ፣ ኩርባ ላይ ከልክ በላይ የፈጠነ መኪና ከቦዩ ይወጣል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ ተወዳዳሪዎች የፋብሪካውን ሻንሲ ትተው፣ ከነሐስና ከብረት ሽቦ የራሳቸውን እየበየዱ መሥራት የጀመሩት ለዚህ ነበር።

የእነርሱ ጥበብ በእጃችን ባለ ቁሳቁስም ሊሞከር ይችላል። በመጀመሪያ ጠንካራ ሽቦ በማስመሪያ ተለክቶና በፒንሳ ታጥፎ አራት ማዕዘን ይሠራል። ማዕዘኖቹ ትክክል መሆናቸውን ለማወቅ፣ ተቃራኒ ጎኖች እኩል ከሆኑ በኋላ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ያሉትን ሁለት ሰያፍ መስመሮች መለካት ይበቃል፤ እኩል ከሆኑ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ቤት የሚሠራ አናጺ መሠረቱን የሚያረጋግጠውም በዚሁ ዘዴ ነው።

ቀጥሎ ሁለት ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎዎች ከፊትና ከኋላ በሻንሲው ላይ ይታሰራሉ። ቀጥ ያለ ሽቦ በቀፎው ውስጥ ሲያልፍ አክስል ይሆናል፤ ቀፎው ደግሞ የኩሽኔታን ሥራ ይሠራል። ጎማው ከነጠላ ጫማ ክብ ሆኖ ተቆርጦ መካከሉ ይበሳል። ቀዳዳው ከመካከል ከወጣ መኪናው እየዘለለ ይሄዳል። በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ ሲገፋ ወደ ግራ የሚያዘነብል ከሆነ፣ ሁለቱ አክስሎች በግራ በኩል ተቀራርበዋል ማለት ነው፤ ትይዩ እስኪሆኑ ድረስ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ዋናው ትምህርት ግን የክብደት ቦታ ነው። በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መኪና የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ቢሆን፣ ወደ ጎን የሚያዘነብል ጣውላ ላይ እስከ 45 ዲግሪ ሳይገለበጥ ይቆማል። ማዕከሉ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ግን 27 ዲግሪ ገደማ ላይ ይወድቃል። ምክንያቱም ከክብደቱ ማዕከል ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርደው መስመር ከጎማዎቹ ውጪ ሲያርፍ መገልበጥ አይቀርም።

ይህ ሕግ ለጨዋታ ብቻ የተሠራ አይደለም። አርሶ አደሩ ቡናና ሌላ እህል በጋሪ ሲጭን ከባዱን ኬሻ ከታች፣ ቀላሉን ከላይ ማድረግ ይገባዋል። ባጃጅ ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ስላለው፣ በጣሪያው ላይ ዕቃ ተከምሮበት ኩርባ ላይ ሲፈጥን አደጋው የባሰ ነው። በተዳፋትና በጭቃማ መንገድ ላይ ደግሞ ለስህተት የሚተርፍ ቦታ የለም፤ የሚጠፋው ጭነት ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወትም ሊሆን ይችላል።

ሥራው ጥንቃቄ ይሻል። የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። ሞተር መጨመር የሚፈልግ ልጅ ከአሮጌ ቴፕ የወጣ ትንሽ ሞተር በባትሪ ድንጋይ ሊያስነሳ ይችላል፤ ከቤት የመብራት መስመር ጋር ማገናኘት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ያለቀ የባትሪ ድንጋይም መሰበርም ሆነ እሳት ውስጥ መጣል የለበትም።

መምህራን ይህን ሥራ ለሳይንስ ትምህርት ማስረጃ ቢያደርጉት ወጪው እጅግ ትንሽ ነው። ወላጆችም ልጃቸው የሠራውን መኪና ከመጣል ይልቅ «ለምን ወደ ግራ ሄደ?» ብለው ቢጠይቁት፣ ልጁ ነገ ጋሪ ሲጭን ወይም ባጃጅ ሲነዳ የሚያስታውሰውን ዕውቀት ይሰጡታል።