ከጨጓራው ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ማዕድ

«የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አባባል ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለመቀነስ ሲሉ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎችን ኑሮ በደንብ ይገልጸዋል። ሐኪም የጨጓራን መጠን በጥቂት ሰዓት ሥራ ሊያሳንስ ይችላል። ለዓመታት የኖረውን የአበላል ልማድ ግን በቢላዋ ቆርጦ ሊያወጣው አይችልም። በመሆኑም ሕክምናው ከ5 ወይም ከ10 ዓመት በኋላ የሚሰጠው ውጤት በሐኪሙ እጅ ብቻ ሳይሆን፣ ሕመምተኛዋ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ በምትቀመጥበት ማዕድም የሚወሰን ነው።

ጉዳዩን በዚህ ዓምድ ለማንሣት የወደድነው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ሕክምና ከሚያደርጉት መካከል የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ሕክምናው በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በብዛት የሚካሄድ ስለሆነ፣ በነዚህ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችንም ሆኑ ለሕክምና ወደዚያ የሚጓዙ እኅቶች ነገሩን አስቀድመው ቢያውቁት ይጠቀማሉ። በቤት ውስጥ ወጥ የምትሠራው፣ የልጆቹን ትራፊ የምታነሣው፣ እንግዳ ሲመጣ አብራ የምትቆርሰው እናት በመሆኗም ነገሩ ቤተሰብን ሁሉ የሚመለከት ነው።

ሕክምናው ምንድን ነው?

ክብደት ለመቀነስ ሲባል የሚደረገው ቀዶ ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ነው። የመጀመሪያው ዘዴ የትንሹን አንጀት አብዛኛውን ክፍል ምግብ እንዳያልፍበት ማድረግ ነበር። ክብደት ቢቀንስም ብዙዎቹን ለማያቋርጥ ተቅማጥ፣ ለምግብ እጥረትና ለጉበት ጉዳት ስላጋለጣቸው ከጊዜ በኋላ ተትቷል። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ሌላ ዘዴ ጀመሩ። ሐኪሙ የተነሡት፣ በጨጓራ ቁስል ምክንያት የጨጓራቸው ከፊል ተቆርጦ የወጣላቸው ሴቶች መልሰው ለመወፈር እንደሚቸገሩ ከመገንዘባቸው ነው።

ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸው ዘዴዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ጋስትሪክ ባይፓስ ይባላል። በዚህ ዘዴ ከጨጓራው አናት ላይ ከግማሽ የቡና ሲኒ የማይበልጥ ትንሽ ከረጢት ተለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ይገናኛል። ምግብም ቀሪውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። ሁለተኛው ስሊቭ የተባለው ነው። በዚህኛው ከጨጓራው ከመቶ 75 እስከ 80 የሚሆነው እጅ ተቆርጦ ይወጣና ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ብቻ ይቀራል።

ውጤቱ የሚገኘው ጨጓራው ስለጠበበ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የጃፓን ተመራማሪዎች ግሬሊን የተባለ፣ ረሀብን የሚቀሰቅስ ሆርሞን ማግኘታቸውን አስታወቁ። ይህ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በስሊቭ ጊዜ ተቆርጦ ከሚወጣው የጨጓራ ክፍል ነው። ከዚህም ሌላ ምግቡ ፈጥኖ ወደ አንጀት ስለሚደርስ ጥጋብን ለአንጎል የሚያስታውቁ የአንጀት ሆርሞኖች ይበዛሉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሕመምተኞች ረሀብ ምን እንደሚመስል እስከ መርሳት ይደርሳሉ።

ሕክምናው ለመልክ ማሳመሪያ የሚደረግ አለመሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ሐኪሞች መለኪያ የሚያደርጉት ክብደትን በኪሎ ወስዶ፣ በሜትር የተለካው ቁመት በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር በማካፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የወጣው መመሪያ ሕክምናውን የፈቀደው ውጤቱ 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር በሽታ ያለ ከባድ ሕመም ለተጨመረበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የተሻሻለው መመሪያ ደግሞ ሌላ ሕመም ባይኖርም 35 የደረሰ ሰው ሊታከም እንደሚችል አመልክቷል። ለምሳሌ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴት መለኪያዋ 40 የሚደርሰው 102 ኪሎ ገደማ ስትመዝን ነው።

የስዊድኑ ጥናት ያሳየው

የሕክምናውን የረጅም ጊዜ ውጤት ለማወቅ ከተደረጉት ጥናቶች ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1987 በስዊድን የተጀመረው ነው። በጥናቱ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 2010 ሰዎች፣ በተለመደው ሕክምና ብቻ ከተረዱ 2037 ወፍራም ሰዎች ጋር ለብዙ ዓመታት እየተነጻጸሩ ተከታትለዋል።

በጋስትሪክ ባይፓስ የታከሙት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ከክብደታቸው እስከ ከመቶ 32 ቀነሱ። ከ10 ዓመት በኋላ ግን ቅናሹ ወደ ከመቶ 25 ወረደ። በጊዜው ይሠራባቸው በነበሩት ሌሎች ሁለት ዘዴዎች የታከሙት ደግሞ ከመቶ 25 እና ከመቶ 20 ያህል ቀንሰው ከ10 ዓመት በኋላ ቅናሹ ከመቶ 16 እና ከመቶ 14 ሆነ። ይህም ማለት የወረደው ክብደት ከፊሉ ተመልሷል ማለት ነው። ቀዶ ሕክምና ያላደረጉት በአንጻሩ ክብደታቸው እምብዛም አልተለወጠም።

በስኳር በሽታ ረገድም እንዲሁ ነው። ከመታከማቸው በፊት በሽታው ከነበረባቸው መካከል ከሁለት ዓመት በኋላ ከመቶ 72 የሚሆኑት ከበሽታው ነጻ ሆነው ነበር። በ10ኛው ዓመት ነጻ ሆነው የተገኙት ከመቶ 36 ናቸው። ቀዶ ሕክምና ካላደረጉት መካከል ግን በ10ኛው ዓመት ነጻ የሆኑት ከመቶ 13 ብቻ ስለነበሩ ጥቅሙ አሁንም ከፍተኛ ነው።

በዕድሜ በኩል እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የዚሁ ጥናት ውጤት እንደሚያስረዳው፣ የታከሙት ካልታከሙት ይልቅ በአማካይ 3 ዓመት ያህል ዕድሜ አግኝተዋል። ሆኖም ከጠቅላላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ዕድሜያቸው በ5 ዓመት ተኩል ያህል አጥሮ ተገኝቷል። ሕክምናውም ራሱ ከአደጋ ነጻ አይደለም። ከ2010ሩ መካከል 5 ሰዎች በ90 ቀን ጊዜ ውስጥ ሞተዋል። እንግዲህ ሕክምናው ትልቅ እርዳታ ነው። የቀረውን ሥራ ግን ሕመምተኛዋና ቤተሰቧ መሥራት አለባቸው።

ልዩነቱ ከአበላል ይመጣል

በአንድ ዘዴ ታክመው አንዷ ክብደቷ እንደወረደ ሲቆይ የሌላዋ ለምን ይመለሳል? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚሁ ከስዊድኑ ጥናት የወጣ ምርመራ መልስ ሰጥቶበታል። ሰዎቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበራቸው የአበላል ጠባይ ወደፊት የሚቀንሱትን ክብደት አላመለከተም። ነገር ግን ከቀዶ ሕክምናው 6 ወርና አንድ ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ረሀብ የቀለለላቸውና ምግብ ሲያዩ ራሳቸውን መግታት የቻሉት፣ ከ10 ዓመት በኋላም ይበልጥ የቀነሱ ሆነው ተገኝተዋል።

ይህ ትልቅ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ድሮ ብዙ ትበላ የነበረች ሴት «እኔስ አይሆንልኝም» ብላ ተስፋ መቁረጥ የለባትም። ልብ ልትል የሚገባት የመጀመሪያውን ዓመት ነው። ረሀብ ጋብ ባለበት በዚያ ጊዜ አዲስ የአበላል ሥርዓት ከተከለች፣ ረሀቡ ቀስ በቀስ ሲመለስ የሚጠብቃት ልማድ ይኖራታል።

ሐኪሞች ከሁሉ ይልቅ የሚያስጠነቅቁት ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ስለ መቀማመስ ነው። ጨጓራው ስለጠበበ በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት አይቻልም። ይሁን እንጂ ወጥ ሲቀመስ አንድ ማንኪያ፣ ልጅ ያስተረፈው ሁለት ጉርሻ፣ ከቡና ጋር አንድ ጭብጥ ቆሎ፣ በመሥሪያ ቤት ስኳር የበዛበት ሻይ ከብስኩት ጋር እየተባለ ቀኑ ሲያልፍ፣ ከትልቅ ምሳ የማያንስ ምግብ ይገባል። ከዚህም የባሰው ለስላሳ መጠጥ፣ ጭማቂ፣ አይስክሬምና ቸኮላት ነው። እነዚህ ጨጓራው ላይ ሳይቆዩ ስለሚያልፉ ትንሹ ጨጓራ አያግዳቸውም።

ጣፋጭ ሌላም ጣጣ አለው። በተለይ ጋስትሪክ ባይፓስ ያደረገች ሴት ስኳር የበዛበት ነገር ስትወስድ፣ ብዙ ሳይቆይ ሆዷን ሊቆርጣት፣ ልቧ በኃይል ሊመታ፣ ሊያልባትና ሊያዞራት ይችላል። ሐኪሞች ይህን ዳምፒንግ ይሉታል። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ የደም ስኳር በጣም ወርዶ ሊያንቀጠቅጣት ይችላል። ያን ጊዜ ቤተሰብ «ምግብ ስላልበላሽ ነው» ብሎ ጣፋጭ በላይ በላዩ ቢያቀርብላት ችግሩን ሊደጋግመው ስለሚችል፣ ሐኪሟ የሰጣትን መመሪያ ማወቅ ይገባዋል።

በማዕድ ላይ ሊጠበቅ የሚገባው

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያ የሚሰጠው ፈሳሽ ነው። ከዚያም የተፈጨ፣ ቀጥሎ ለስላሳ፣ በመጨረሻም የተለመደው ምግብ እየተፈቀደ ይሄዳል። ይህ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ሊጠበቁ የሚገባቸው ዋና ዋና ደንቦች የሚከተሉት ናቸው።

አስቀድሞ ፕሮቲን ያለውን መብላት ነው። ይኸውም እንቁላል፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ እርጎ፣ አይብ፣ ምስርና ሽሮ ነው። በቀን ከ60 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ጉርሻ ትንሽ ሆኖ በሚገባ ሊታኘክ ይገባል። ጠንካራ ጥብስና ዳቦ ለብዙዎች ስለማይስማማ፣ እንጀራም በትንሽ ቁራሽ ቢሆን ይመረጣል። ሦስተኛ፣ ውሃ ከምግብ ጋር መጠጣት አይገባም። ከምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ያሻል። አራተኛ፣ በተወሰነ ሰዓት ተቀምጦ መብላትና ጥጋብ ሲሰማ ወዲያው ማቆም ነው።

ከዚህ ላይ የቤተሰብ ድርሻ ይመጣል። በእኛ ልማድ ጉርሻ የፍቅር መግለጫ ነው። «በሞቴ» «አፈር ስሆን» እየተባለ ሲቀርብ እምቢ ማለት እንደ ነውር ይታያል። ጨጓራዋ ለጠበበ እኅት ግን አንድ ትልቅ ጉርሻ ሕመምና ትውከት ሊያመጣባት ይችላል። አብሮ መቁረሱን ሳያስቀሩ የእሷን ድርሻ በትንሽ ሳሕን ለይቶ ማቅረብ፣ ቀስ ብላ ስትበላም አለመቸኮል ትልቅ እርዳታ ነው። ጾም የምትጾም ከሆነችም፣ የፍስክ ምግብ ሲቀር ፕሮቲኑን ከምስር፣ ከሽምብራና ከባቄላ እንዴት እንደምታሟላ፣ ሳትበላ የምትቆይበትም ሰዓት እንዳይጎዳት ከሐኪሟና ከንስሐ አባቷ ጋር አስቀድማ መነጋገር ይኖርባታል።

ከምግብ ውጭ የሚታዩ ነገሮች

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሰውነት ብረት፣ ካልሲየም፣ ቪታሚን ዲና ቪታሚን ቢ12 እንደ ድሮው በበቂ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ የታዘዘውን ቪታሚን ዕድሜ ልክ መውሰድና ደምን በየጊዜው ማስመርመር ግዴታ ነው። በቸልታ የተተወ እንደሆነ ደም ማነስ፣ የአጥንት መሳሳትና የነርቭ ጉዳት ይከተላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጸጉር ሊረግፍ ይችላል፤ ይህ በአብዛኛው ተመልሶ ይበቅላል። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ የሐሞት ጠጠር ሊፈጠር ይችላል። ሳያቋርጥ የሚያስመልሳት ሴት ደግሞ ቪታሚን ቢ1 አልቆባት አንጎሏ እንዳይጎዳ ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባት። ባይፓስ ያደረገች ሴት እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ሐኪሟን ሳትጠይቅ መውሰድ የለባትም፤ ቁስል ያመጡባታል።

ክብደት ሲወርድ የወር አበባ ተስተካክሎ መፀነስ ሊቀል ይችላል። ሐኪሞች ግን ከ12 እስከ 18 ወር ሳይሞላ እርግዝና እንዳይኖር ይመክራሉ። የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ እንክብል ከባይፓስ በኋላ በሚገባ ላይሠራ ስለሚችል ሌላ ዘዴ ስለ መምረጥ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አልኮልም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ከባይፓስ በኋላ ጠላም ሆነ ጠጅ፣ ቢራም ሆነ አረቄ ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳመለከተው፣ በመጠጥ ችግር ላይ የነበሩት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከመቶ 7.6 የነበሩ ሲሆን በሁለተኛው ዓመት ከመቶ 9.6 ሆነዋል። ድሮ ጭንቀቷን በምግብ ታስታግስ የነበረች ሴት ምግቡ ሲከለከላት ጭንቀቱ አብሮ አይወጣም። በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር 8815 ሰዎችን የተከታተለ ጥናትም፣ ራስን የመጉዳት አደጋ ከሕክምናው በፊት ከነበረው በኋላ ላይ በግማሽ ያህል ጨምሮ ማግኘቱን ገልጿል። ቁጥሩ ጥቂት ሰዎችን የሚመለከት ቢሆንም፣ የከፋት እኅት ቤተሰቧ «ከስተሽ አምሮብሽ ምን ጎደለሽ?» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ጊዜ ሰጥቶ ሊያዳምጣትና ሐኪም ዘንድ ሊወስዳት ይገባል።

ስለዚህ ይህን ሕክምና ያሰበች እናት ከዋጋው አስቀድማ ልትጠይቅ የሚገባት ነገር አለ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማን ይከታተለኛል? የአመጋገብ ባለሙያ አገኛለሁ? ቪታሚኑንና የደም ምርመራውን ከዓመት ዓመት እችለዋለሁ? በተለይ ወደ ውጭ አገር ሄዳ ታክማ የምትመለስ ከሆነች፣ የተደረገላትን የሚያስረዳ ጽሑፍ ይዛ መምጣትና በምትኖርበት ከተማ የሚከታተላትን ሐኪም ከመሄዷ በፊት ማግኘት አለባት። ባልና ልጆችም አብረው ቀርበው የሐኪሙን ምክር ቢሰሙ መልካም ነው፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሦስት ጊዜ አብረዋት ከማዕድ የሚቀርቡት እነሱ ናቸውና።